ተከታታይ ድራማ በአንድ ቀን ወይስ በየሳምንቱ?

በ2019 ዓ.ም. የፈረንጆች የልደት በዓል ሊደርስ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የአሜሪካ የአሻንጉሊት ነጋዴዎች ያላሰቡት ችግር ገጠማቸው። ወደ ሱቅ ከሚገባው ደንበኛ ብዙው የሚጠይቀው አንድ ዕቃ ሆነ፤ ይኸውም ጆሮው ረዥም፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ቆዳው አረንጓዴ የሆነ የአንድ ሕፃን ፍጡር አሻንጉሊት ነው። ገንዘቡን ይዞ የቆመ ገዢ ሞልቶ ሳለ በመደርደሪያው ላይ የሚሸጥለት ዕቃ አልነበረም። ዕቃው አልቆ አይደለም፤ ጭራሹን አልተሠራም ነበር። ባለፋብሪካዎቹ የፍጡሩን መልክ አስቀድመው እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲዝኒ ኩባንያ ፊልምን በኢንተርኔት መሥመር ወደ ደንበኛው ቤት የሚያደርሰውን «ዲዝኒ ፕላስ» የተባለውን አገልግሎት ኖቬምበር 12 ቀን 2019 ሲከፍት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋና መሳቢያ አድርጎ ያቀረበው «ዘ ማንዳሎሪያን» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ነበር። አረንጓዴው ሕፃን በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ በድንገት ይታያል። የድራማው ደራሲና አዘጋጅ ጆን ፋቭሮ፣ ሥዕሉ ለአሻንጉሊት ሠሪዎች አስቀድሞ ከተሰጠ ምሥጢሩ በዕቃ ዝርዝርና በናሙና በኩል ሾልኮ ይወጣል ብሎ ስለ ሠጋ የዕቃው ሥራ እንዲዘገይ ጠየቀ፤ ኩባንያውም ተስማማ። ሁለተኛው ክፍል ከ3 ቀን በኋላ፣ የቀሩትም በየሳምንቱ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። ስምንተኛውና የመጨረሻው ክፍል የታየው ዲሴምበር 27 ቀን፣ በዓሉ ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ድራማው በታየ ቍጥር ፈላጊው ይበዛል፤ ባለሱቁ ግን በእጁ ያለው ሥዕል በችኰላ የታተመበት ካናቴራና ኩባያ ብቻ ነበር። አሻንጉሊቱን አጥብቆ የፈለገ ሰው በዲሴምበር አስመዝግቦ እስከ 2020 ጸደይ እንዲጠብቅ ተነገረው።

ከዚህ ታሪክ የሚነሣው ጥያቄ ለተመልካቹ ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ተከታታይ ድራማ ተሠርቶ ከተዘጋጀ በኋላ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይለቀቃሉ ወይስ በየሳምንቱ እየተቈነጠሩ ይወጣሉ? ቀኑንስ የሚመርጡት በምን ሒሳብ ነው? ድራማውን በመጋዘን እንዳለ ሸቀጥ መቍጠር ይቻላል፤ ሆኖም ከቡናና ከጨው የሚለይበት ጠባይ አለው። አንዱ ደንበኛ ቢያየው ለሌላው አይጐድልም፤ ስለዚህ ቈጥቦ የሚያወጣው ኩባንያ ዕቃው እንዳያልቅበት ፈርቶ አይደለም። በመጋዘኑ ተቈልፎ የቀረው ክፍል የሚጠብቀው የደንበኛውን የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ነው።

ድርሰትን ቈራርሶ መሸጥ የቈየ ልማድ ነው። የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1836 የመጀመሪያውን ልብ ወለድ በየወሩ በአንድ ሺሊንግ በሚሸጥ ቀጭን ጥራዝ ማውጣት ጀምሮ ነበር። በአሜሪካ ሬዲዮም ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የሳሙና ኩባንያ ከ1933 ጀምሮ «ማ ፐርኪንስ» የተባለውን ድራማ በሥራ ቀናት ሁሉ እያሰማ «ኦክሲዶል» የተባለውን የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ያስተዋውቅበት ነበር። እንዲህ ያለው ድራማ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ በሳሙና ስም የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። የቤት እመቤቲቱ የዛሬውን ሰምታ ነገም ሬዲዮኗን ካልከፈተች ሳሙናው አይሸጥም፤ ስለዚህ ታሪኩ ሁልጊዜ ሳያልቅ እንዲቋረጥ ይደረግ ነበር።

ቴሌቪዥንም ይህንኑ ወረሰ። አንድ ጣቢያ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ማሳየት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዚያች ሰዓትም ዋጋ የሚከፍለው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ድራማን በሳምንት አንድ ጊዜ ማሳየት እንግዲህ በአየር ላይ ያለው ሰዓት ጠባብ በመሆኑ የመጣ ግዴታ ነበር። የአገራችን ተመልካችም የሳምንቱን ድራማ ቀን ቈጥሮ መጠበቅን የለመደው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ልማድ በሰፊው ያፈረሰው ኔትፍሊክስ ነው። ኩባንያው በ1997 ሲቋቋም ሥራው ፊልም የተቀረጸበትን ዲቪዲ በፖስታ እየላከ መሸጥና ማከራየት ነበር፤ በ2007 ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። ይህ አሠራር በተለምዶ ስትሪሚንግ ይባላል። ኔትፍሊክስ የሚሞላ የአየር ሰዓት አልነበረውም፤ በዚያን ጊዜ ማስታወቂያም አይቀበልም ነበር። ከዚህም በላይ ከዲቪዲ ንግዱ የተማረው ነገር ነበር። የአንድን ድራማ ሙሉ ምዕራፍ በሣጥን ያገኘ ደንበኛ ሳምንት አይጠብቅም፤ እንቅልፉን አጥቶም ቢሆን በተከታታይ ሌሊቶች ይጨርሰዋል። በ2012 «ሊሊሃመር» የተባለውን ድራማ 8 ክፍሎች በአንድ ጊዜ አወጣ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2013 ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን «ሀውስ ኦፍ ካርድስ» የተባለውን ድራማ 13 ክፍሎች በአንድ ቀን ለቀቀ።

በጊዜው የነበሩት የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን እንደ ማባከን ቈጠሩት። አንድ ጣቢያ ሦስት ወር የሚነግድበትን ዕቃ በአንድ ጧት ማራገፍ ለእነርሱ የሚታሰብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ኔትፍሊክስ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ያለውን ደንበኛ ከማቈየት ይልቅ አዲስ ደንበኛ ማምጣት ነበር፤ ለዚህም ሌላው ሱቅ የማያደርገውን ማድረግ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ጠቀመው። በ2012 መጨረሻ 33 ሚሊዮን የነበረው የደንበኞቹ ቍጥር በ2013 መጨረሻ 44 ሚሊዮን ደረሰ። ጭማሪውን ሁሉ በአለቃቀቁ ዘዴ ማሳበብ ትክክል አይሆንም፤ በዚያው ዘመን ፈጣን ኢንተርኔት በየቤቱ እየገባ ነበርና። ነገር ግን ዘዴው ስም እንዳወጣለት አይካድም።

ችግሩ የታየው ውሎ አድሮ ነው። የእንዲህ ያለው ኩባንያ ደንበኛ በወር ይከፍላል፤ ውልም የለበትም። ሲሻው አንዲት ቍልፍ ተጭኖ ይሰናበታል። ሁለት ዓመት የተደከመበትን ድራማ በቅዳሜና እሑድ ጨርሶ ሰኞ የሚሰናበት ደንበኛ ለኩባንያው የሚያስገኘው የአንድ ወር ክፍያ ብቻ ነው። ወሬውም እንዲሁ ቶሎ ይበርዳል፤ አንዱ ሦስተኛውን ክፍል ሲያይ ሌላው ጨርሷልና በሥራ ቦታ ተገናኝተው ስለ ድራማው የሚያወሩት ነገር አይገጥምም። ዕቃው ራሱም ፈጥኖ የሚያረጅ ነው። ኔትፍሊክስ ለአሜሪካ መንግሥት በሚያቀርበው ዓመታዊ ሒሳብ ላይ እንደሚገልጸው፣ ለአንድ ሥራ ካወጣው ወጪ በአማካይ ከመቶው 90 የሚበልጠው ሥራው ከወጣ በ4 ዓመት ውስጥ ከመዝገብ እንዲሠረዝ ይጠበቃል። የቈርቈሮ ነጋዴ እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም፤ የአትክልት ነጋዴ ግን ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዲዝኒ እንመለስና የነጋዴ ሒሳብ እናስላ። «ዲዝኒ ፕላስ» ሲከፈት የወር ዋጋው 6.99 ዶላር ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀኖች ለሙከራ በነጻ ነበሩ። በመክፈቻው ቀን የተመዘገበ ደንበኛ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚከፍለው ኖቬምበር 19፣ ሁለተኛውን ዲሴምበር 19 ነው። ስምንቱ ክፍሎች በአንድ ቀን ተለቀው ቢሆን ኖሮ ቸኰል ያለ ተመልካች ሁሉንም በነጻዎቹ 7 ቀኖች ጨርሶ ምንም ሳይከፍል ሊሰናበት ይችል ነበር። በየሳምንቱ ስለ ወጡ ግን የመጨረሻውን ክፍል በወጣበት ቀን ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ጊዜ፣ ማለትም 13.98 ዶላር ይከፍላል። የድራማው ወጪ በአንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ የተለወጠው የቀን መቍጠሪያው ብቻ ነው። ኩባንያው በመክፈቻው ዕለት 10 ሚሊዮን ሰው እንደ ተመዘገበለት አስታወቀ፤ በዲሴምበር መጨረሻ ቍጥሩ 26.5 ሚሊዮን ሆነ።

ሳምንታዊው ልማድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወሬው በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይነሣል። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለውን ድራማ በ2011 ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል በዕለቱ ያየው ሰው 2.2 ሚሊዮን ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ማታ እያስጠበቀ ቈይቶ፣ ሜይ 19 ቀን 2019 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ በዚያው ምሽት በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ያየው 19.3 ሚሊዮን ደረሰ። ኤችቢኦ ሁሉን በአንድ ቀን መልቀቅ ፋሽን በሆነበት ጊዜ እንኳ ከልማዱ ፈቀቅ አላለም።

ሆኖም ለደንበኛ አንድ ጊዜ የሰጡትን መልሶ መንሣት ቀላል አይደለም። አማዞን «ዘ ቦይስ» የተባለውን ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ በጁላይ 2019 ስምንቱንም ክፍሎች በአንድ ቀን አወጣ። በሴፕቴምበር 2020 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ግን መጀመሪያ 3 ክፍሎች ብቻ ወጥተው የቀሩት በየሳምንቱ እንዲሆኑ ተደረገ። ተመልካቾቹ ተቈጡ። አማዞን በራሱ ገጽ ላይ ደንበኞች ስለ ዕቃው አስተያየት የሚሰጡበት ቦታ አለውና፣ ብዙዎች ድራማውን እንደ ወደዱት እየተናገሩ ከአምስት ኮከብ አንድ ብቻ ሰጡት፤ ቅሬታቸው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ አቀራረቡ ነበር። የድራማው ዋና አዘጋጅ ኤሪክ ክሪፕኪ ውሳኔው የአዘጋጆቹ እንደ ነበረና ሕዝቡ በየመካከሉ የሚወያይበት ጊዜ እንዲያገኝ ታስቦ እንደ ተደረገ ገለጸ። ቍጣው በረደ፤ ድራማውም በሚቀጥሉት ሁለት ምዕራፎች ያንኑ ዘዴ ያዘ። ከዚህ የሚታየው ደንበኛ በአቀራረብ ለውጥ ቢያጕረመርምም ዕቃው የሚፈልገው ከሆነ እንደሚመለስ ነው፤ ዕቃው መካከለኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ባልተፈጸመ ነበር። ሦስት ክፍል አስቀድሞ አቅምሶ የቀረውን በየሳምንቱ መስጠት ከዚያ በፊትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ «ሁሉ» የተባለው ኩባንያ በ2017 «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» የተባለውን ድራማ የጀመረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ አፕልም በ2019 አገልግሎቱን ሲከፍት ብዙዎቹን ድራማዎቹን እንዲሁ አወጣ።

ኔትፍሊክስ ራሱ በአቋሙ ሊጸና ያልቻለው በ2022 ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወር 200,000 ደንበኛ ማጣቱን አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ሦስት ወርም 2 ሚሊዮን ሊያጣ እንደሚችል ተናገረ። ይህ በተሰማ ማግሥት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከመቶ 35 ያህል ወደቀ። እንግዲህ በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለ ነው ታላቁ ድራማው «ስትሬንጀር ቲንግስ» አራተኛ ምዕራፉን ይዞ የመጣው። ኩባንያው በሁለት ከፈለው፤ 7 ክፍሎችን ሜይ 27 ቀን፣ የቀሩትን 2 ክፍሎች ጁላይ 1 ቀን አወጣ። በመካከሉ ያለው 35 ቀን ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የገባ ደንበኛ መጨረሻውን ለማየት ሁለተኛ ወር መክፈል አለበት። ቀኑንም ልብ ብሎ ማየት ይገባል። የዓመቱ ሁለተኛ ሩብ የሚዘጋው ጁን 30 ነው፤ የድራማው ማለቂያ የወጣው በማግሥቱ ነው። ሩብ ዓመቱ ሲዘጋና የደንበኛ ቍጥር ሲቈጠር የድራማው ወዳጅ ሁሉ ገና መጨረሻውን እየጠበቀ በመዝገብ ላይ ነበር። በዚያ ሩብ የጠፋው ደንበኛ 2 ሚሊዮን ሳይሆን 970,000 ያህል ሆነ፤ በሚቀጥለውም ሩብ 2.4 ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ ገባ። ይህን ሁሉ አንድ ድራማ አመጣው ማለት ባይቻልም የቀኑ አመራረጥ እንዲያው የተገኘ ነው ብሎ የሚያምን ነጋዴ አይኖርም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት መክፈል ለኔትፍሊክስ ልማድ ሆኗል። «ብሪጀርተን» ሦስተኛ ምዕራፉ በ2024 ሜይ 16ና ጁን 13፣ «ዌንስደይ» ሁለተኛ ምዕራፉ በ2025 ኦገስት 6ና ሴፕቴምበር 3 አራት አራት ክፍል ሆነው ወጡ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሁለቱም መካከል ያለው ጊዜ በትክክል 28 ቀን ነው፤ ይህም ከአንድ ወር ያንሳል። ሜይ 16 ቀን የከፈለ ቈጣቢ ደንበኛ ወሩ ሳያልቅበት የቀሩትን አራት ክፍሎች ለማየት 3 ቀን ያህል ይተርፈዋል። ኩባንያው ይህን ቀዳዳ ሳያይ ቀርቶ አይመስልም፤ ሒሳቡን እንዲህ አጥብቆ የሚሠራ ተመልካች ጥቂት መሆኑን ዐውቆ፣ ደንበኛው ተጨመቅሁ ብሎ እንዳይማረር የተወለት መሆኑ ይገመታል። «ስትሬንጀር ቲንግስ» አምስተኛና የመጨረሻ ምዕራፉ በ2025 ሲወጣ ግን በሦስት ተከፈለ፤ 4 ክፍሎች ኖቬምበር 26፣ 3 ክፍሎች ዲሴምበር 25፣ የመጨረሻው አንድ ክፍል ዲሴምበር 31 ቀን። ያ የመጨረሻ ክፍል በአሜሪካና በካናዳ ከ500 በላይ በሆኑ ሲኒማ ቤቶችም ታየ፤ ተመልካቹ ቦታ የሚይዘው ትኬት በመግዛት ሳይሆን ለምግብና ለመጠጥ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በመክፈል ነበር። ለፈንዲሻና ለለስላሳ ሻጩ እንዲህ ያለ ገበያ ዘወትር አይገኝም።

ወደ ሳምንታዊው ልማድ የሚገፋ ሌላ ምክንያትም ተነሥቷል፤ እርሱም ማስታወቂያ ነው። ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2022 በአሜሪካ በ6.99 ዶላር ማስታወቂያ ያለበትን ርካሽ አገልግሎት ጀመረ፤ ዲዝኒ በወሩ፣ አማዞን ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ተከተሉት። ሳሙና ሻጩ በ1933 የፈለገውን የዛሬውም ማስታወቂያ አስነጋሪ ይፈልገዋል፤ ይኸውም በሚመጣው ሳምንት ተመልሶ የሚቀመጥ ተመልካች ነው። አዲሱ ንግድ ሲዞር ውሎ ወደ ጥንቱ ንግድ በር ደረሰ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የቀኑ ምርጫ ከክፍያው ሌላ የሚመራባቸው ነገሮች አሉ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ታላቅ ሽልማት የሆነው ኤሚ ዘመኑን የሚቈጥረው ከጁን 1 እስከ ሜይ 31 ነው፤ ስለዚህ በሜይ ወር መጨረሻ ብዙ ድራማ ይጐርፋል። ኩባንያው ከራሱ ዕቃ ጋር እንዳይጋጭም ይጠነቀቃል፤ ዲዝኒ በ2019 የ«ዘ ማንዳሎሪያን»ን ሰባተኛ ክፍል ከዐርብ ወደ ረቡዕ ያመጣው በዚያው ሳምንት በሲኒማ ቤት የሚከፈት የራሱ «ስታር ዋርስ» ፊልም ስለ ነበረው ነው። የዕቃ እጥረትም አለ። የደራስያንና የተዋንያን ማኅበራት በ2023 ለወራት ሥራ ባቆሙ ጊዜ የብዙ ድራማዎች ቀረጻ ተጓትቷል፤ ከ«ስትሬንጀር ቲንግስ» አራተኛ ምዕራፍ እስከ አምስተኛው ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል። መጋዘኑ ሲሳሳ ያለውን ዕቃ ማርዘም ማንም ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

ሰዓቱም ተቈርጦ የታወቀ ነው። ኔትፍሊክስ ብዙውን ሥራውን የሚለቀው በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ይህ ለአዲስ አበባ በእነርሱ በጋ ከጧቱ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 5 ሰዓት ላይ ይውላል። ኩባንያው በጃንዋሪ 2016 በአንድ ቀን በ130 አዳዲስ አገሮች ከተከፈተ ወዲህ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ናት።

ይህ ሁሉ ለአስመጪና ለባለሱቅ ምን ይነካዋል ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በ2021 ከደቡብ ኮሪያ በመጣው «ስኩዊድ ጌም» በተባለው ድራማ ነው። 9 ክፍሎቹ ሴፕቴምበር 17 ቀን በአንድ ጊዜ ተለቀቁ። ኔትፍሊክስ ራሱ እንዳስታወቀው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 142 ሚሊዮን ቤተ ሰብ ተመለከተው። የአሜሪካ ልጆችና ወጣቶች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው የሚያከብሩት የሃሎዊን በዓል ኦክቶበር 31 ነው፤ በመካከሉ ያለው 44 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ገዢው ሁሉ የድራማውን አረንጓዴ የስፖርት ቱታና ማሠሪያ የሌለውን ነጭ ጫማ ፈለገ። ድራማው ይህን ያህል እንደሚወደድ ኔትፍሊክስም አስቀድሞ አላወቀም፤ ነጋዴማ ከየት ይወቅ። በሴኡል ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሌላውን ሥራ ትተው አረንጓዴ ቱታ መስፋት ያዙ። በጊዜ ያደረሰ ሸጠ፤ ኖቬምበር ላይ የደረሰበት ነጋዴ ግን በዕቃው መካከል ተቀመጠ። ተከታታይ ባይሆንም በጁን 2025 የወጣው «ኬይፖፕ ዲመን ሃንተርስ» የተባለው ፊልም ያንኑ ደገመው፤ ማቴልና ሃዝብሮ የተባሉት ታላላቅ አሻንጉሊት ሠሪዎች ፈቃዱን ማግኘታቸው የተነገረው በኦክቶበር ሲሆን፣ ዋናው ዕቃ ለ2026 ተቀጠረ።

በአንድ ቀን የሚለቀቅ ድራማ እንግዲህ ገበያውን እንደ ሐምሌ ጐርፍ ያመጣዋል፤ በድንገት ሞልቶ በድንገት ይጐድላል። በየሳምንቱ የሚወጣው ፈላጊውን በዝግታ ያበዛል፤ ነጋዴውም ሁለተኛና ሦስተኛ ትእዛዝ ለመላክ ፋታ ያገኛል። በመርካቶ የልጆች ቦርሳ፣ ካናቴራና የውሃ ኮዳ በድራማና በፊልም ሥዕል የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ልዩነት ማወቁ ይበጀዋል። ኤል ሲ ተከፍቶ፣ ዕቃው በቻይና ተሠርቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጕምሩክ ወጥቶ በሱቅ እስኪደረደር ድረስ የሚፈጀው ጊዜ የ«ስኩዊድ ጌም» ዓይነቱን ጐርፍ ፈጽሞ አይደርስበትም። በአንጻሩ በኖቬምበር ጀምሮ በየሳምንቱ ሲታይ የከረመና ሌላ ምዕራፍ እንደሚቀጥለው የተነገረለት ድራማ ሥዕል ለመስከረሙ የትምህርት ቤት ገበያ ሊደርስ ይችላል። ሥዕሉ ባለቤት ያለው ስለሆነ በፈቃድ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ የአስመጪው ፈንታ ነው። ሲያዙም የድራማውን ስም ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ የመጨረሻው ክፍል የሚወጣበትን ቀንና የሚቀጥለው ምዕራፍ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይሻላል፤ ኩባንያዎቹ ይህን ብዙውን ጊዜ ከወራት በፊት ያስታውቃሉ።

ዲዝኒ በ2019 የቀረበትን ገበያ አልረሳውም። የ«ዘ ማንዳሎሪያን» ሁለተኛ ምዕራፍ የተጀመረው ኦክቶበር 30 ቀን 2020 ሲሆን፣ ስምንቱ ክፍሎች ዐርብ ዐርብ እየወጡ የመጨረሻው ዲሴምበር 18 ቀን፣ በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንዲያልቅ ተደረገ። ከድራማው ጋርም ከኦክቶበር 26 ጀምሮ «ማንዶ መንዴይስ» የተባለ የሽያጭ ዝግጅት ተከፈተ። ዐርብ ማታ በድራማው የታየው ነገር ሰኞ ጧት አሻንጉሊት፣ መጽሐፍና ልብስ ሆኖ እየተገለጠ ይቀርባል፤ ይህም ለዘጠኝ ሳምንት፣ ዲሴምበር 21 ቀን እስኪደርስ ድረስ ቀጠለ። አረንጓዴው ሕፃንም በዚያ ዓመት በመደርደሪያው ላይ ነበር።